ወርክሾፕ ለከፈተው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳ ላይ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከፍተህ አራት ሠራተኞች መቅጠርህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሆኖም በላክህልኝ ፎቶግራፍ ላይ የግራይንደሩ፣ የዚያ ብረት በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጠው ማሽን፣ ሽፋን ተፈትቶ ስላየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልፍ ስላልመሰለኝ ይህን ጻፍሁልህ።

ሽፋኑ ለምን እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ እኔም ፈትቼዋለሁ። የትልቁ ማሽን ዲስክ ሳያልቅ መጣሉ ያሳዝነንና ከትንሹ ላይ ሽፋኑን አንስተን እንገጥመዋለን። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን በደቂቃ ከ6600 ዙር ገደማ በላይ እንዲዞር አልተሠራም፤ ልኩም ላዩ ላይ ተጽፏል። ትንሹ ግራይንደር 11000 ያህል ይዞራል። እኔ ዘንድ የነበረው ለማጅ ቱቦላሬ ሲቆርጥ ዲስኩ ተሰብሮ አንደኛው ቁራጭ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተሰካ፣ ሌላው የግራ ዓይኑን ወሰደው። ዲስኩን የገጠምሁለት እኔ ነበርሁ። መነጽርም አላደረገም፤ እኔ አድርጌ አይቶኝ አያውቅምና። ልጁ ዛሬም ሲያገኘኝ «ጋሼ» ብሎ ጎንበስ ይላል፣ እኔም ፊቱን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

በርሜል አስቆርጣለሁ የሚል ደንበኛ ሲመጣብህ ደግሞ ምን ይዞ እንደነበር አስቀድመህ ጠይቅ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜል ባዶ ሲሆን ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ ፈሳሹ ቢያልቅም ትነቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ውስጡ ይቀራል፣ የብየዳ ወይም የግራይንደር ብልጭታ ሲያገኘውም ይፈነዳል። «በውኃ አለቅልቀነዋል» ቢሉህም ሥራው ይቅርብህና መልሳቸው።

ስለ ወተትም ልንገርህ፤ የብየዳ ጭስን ያጠፋል ብዬ እኔው ራሴ ያስተማርሁህ ስህተት ነውና። ዚንክ የተቀባ ብረት ዝግ ቤት ውስጥ ስበይድ በዋልሁባቸው ቀናት ማታ ብርድ ብርድ ይለኝና ያተኩሰኝ ነበር፤ እናትህ ወባ መስሏት ጋቢ ትደርብልኛለች፣ እኔም ወተት ጠጥቼ አድራለሁ፣ በማግስቱ ሲሻለኝ ወተቱ ያዳነኝ ይመስለኝ ነበር። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነው፤ ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም። ጭሱን የሚያስቀርልህ የሚበየደውን ጫፍ ቅቡን አስቀድሞ መፋቅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መሥራትና ጭሱ ወደ ፊትህ በማይመጣበት ጎን መቆም ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ቤቴ ትንሽ ነው ብለህ ራስህን ከዚህ አታውጣ። ዕቃውን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ መስቀልም አይበቃም፤ ሠራተኛ የሚከተለው ጌታው የሚያደርገውን ነው፣ ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ መነጽር የምታደርገው አንተ ሁን።

ነገ በሚነሳው አውቶቡስ ካርቶን እልክልሃለሁ፤ ለትንሹ ግራይንደር ልኩ የሆነ ሽፋንና ስድስት መነጽሮች አሉበት። አራቱ ለሠራተኞችህ፣ አምስተኛው ለአንተ፣ ስድስተኛው ደግሞ በሩ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ልይ ለሚል ደንበኛ ነው።

አባትህ