ዌብስተር ማለት ሸማኔዋ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ስጋባ በእጮኛዬ የቤተሰብ ስም ዌብስተር ልባል ወይስ በአባቴ ስም ልቀጥል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ከፍቶኝ አይደለም። ስሙ ራሱ ሐሳብ ውስጥ ከቶኝ ነው። 30 ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ከቃላት ታሪክ የበለጠ የምወደው ነገር እንዳልነበረ ታውቂያለሽ።

ዌብስተር የሙያ ስም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌፋን» መሸመን ነው፤ «ዌብ» ደግሞ የተሸመነው ጨርቅ። ወንዱ ሸማኔ «ዌባ»፣ ሴቷ «ዌቤስትሬ» ይባሉ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችው «ስተር» ያኔ የሴት ምልክት ነበረች። የእጮኛሽ ስም ሲፈታ እንግዲህ «ሸማኔዋ» ማለት ነው። ባክስተር ጋጋሪዋ ናት፤ ብሩስተር ጠማቂዋ። «ጠማቂ» ሲባል እኛም የምትታየን ሴት አይደለች? እንግሊዝ አገርም ያኔ ጠመቃው በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር።

እያደር ግን በተለይ በሰሜኑ በኩል ወንዶቹም በዚሁ ስም መጠራት ጀመሩ። የ«ስተር» ሴትነት ተረሳ። ከመረሳቱ የተነሳ ልብስ ሰፊዋን «ሲምስተር» ማለት አልበቃ ብሏቸው፣ ሌላ የሴት ምልክት ደርበው «ሲምስትረስ» አሏት። በዚያ ላይ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሉት ዘመናት ስም ከአባት ወደ ልጅ መውረድ ጀመረ። የሴቷ ሙያ በወንዶች ስም ላይ ተሳፍሮ እዚህ ደረሰ። እኔን የገረመኝ ይኼ ነው።

ያለሽበት ሊድስ በሱፍ ጨርቅ የከበረ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ነው። ዎከር የሚባል ሰው ሲያጋጥምሽ «የሚራመድ» ማለት እንዳይመስልሽ። የተሸመነውን ሱፍ ውሃ ውስጥ በእግሩ እየረገጠ የሚያጠብቅ ባለሙያ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ይኼው ሰው ፉለር ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ተከር።

አንጀቴን የሚበላው ግን «ስፒንስተር» ነው። ፈታይ ማለት ነበር፤ በቃ፣ የምትፈትል ሴት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ ጽሑፍ ላይ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ። ከዚያ ወርዶ ወርዶ «ቆሞ ቀር» እንደማለት መሰደቢያ ሆነ። እስከ 2005 ድረስ በእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብ ላይ አግብታ የማታውቅ ሙሽራ የምትመዘገበው በዚህ ቃል ነበር።

አያትሽ ፈታይ ነበረች። ማታ በኩራዝ ብርሃን ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። ክሩ ከጣቷ እየቀጠነ ይረዝማል። ዓይኗን እንኳ አትጥልበትም፤ የእኔን ደብተር ነው የምታየው። ደብተሩም የተገዛው በልቃቂት ዋጋ ነው። እና ያ ቃል ስድብ መሆኑን መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ላይ ሳነብ አልቅሻለሁ።

እግረ መንገዴን፣ «ዌብ» የሸረሪትም ድር ነው። የኢንተርኔቱ «ዌብ» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኛም «ድረ ገጽ» አልነው። ድር ደግሞ ሸማኔው ከማግ ጋር የሚያዋድደው ክር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሸማ ላይ መገናኘታቸው ደስ አይልም?

ስሙን ውሰጂም አትውሰጂም አልልሽም። እዚያ ልማድ እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ የእናት ስም ግን በልጅ ስም ውስጥ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የአባት ስምና ሥራ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ ከግንቦት 2021 ጀምሮ የእናትም ይጻፋል። ስሜን አስገቢልኝ። ሥራ የሚለው ላይ «ጡረታ የወጣች መምህርት» በዪ።

ለአያት የሚሆን ቦታ መዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ በሙዳይዋ ውስጥ የቀረውን ልቃቂት አውጥቼ ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ ሰጥቻለሁ። ነጠላው ለሠርግሽ ይደርሳል። ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉ የእሷ ነው።

እናትሽ