ጳጉሜን የማያውቀው ኤክሴል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ የምሠራ ባዮሎጂስት ነኝ። ዓሣ እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ እመዘግባለሁ። አምና የመስክ ደብተሬን ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ስገለብጥ ጳጉሜ 3ን «3/13» ብዬ ጻፍኩ። ኤክሴል ሆዬ ማርች 13 አደረገልኝ! የቀረውንም ቀን እንዲሁ አተረማመሰው። ሳምንት ሙሉ በዓይኔ ስለቅም ከረምኩ።

ለካ ብቻዬን አይደለሁም። «ማርች1» የሚባል የሰው ዘረመል ነበር፤ ኤክሴል ስሙን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የዘረመል ስም አውጪው ኮሚቴ «ማርችኤፍ1» ብሎታል። ፕሮግራሙ እንቢ ሲል ስሙ ተቀየረ።

ኋላ መረጃን በኮምፒውተር ኮድ ስለመሥራት የሁለት ቀን የተግባር ስልጠና ገባሁ። አሠልጣኟ እያንዳንዷን የኮድ መስመር እያየናት ትጽፋለች፣ እኛም አብረናት። የተቸገረ ላፕቶፑ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋል። የኔ ቀይ አልነሳ ብሎ ነበር፤ አንድ ቅንፍ ረስቼ ነው። እሷም ተሳስታ ስታርም አየናት፣ ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በየራሱ ዓምድ መጻፍ የተማርኩትም እዚያው ነው። አሁን የሳምንቱን ሥራ አር (R) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በጥቂት መስመር እጨርሳለሁ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ስልጠናው ሁሌ መሀል ከተማ ነው። ከሰበታ በዓየር ጤና አድርጌ እስክደርስ የጠዋቱ ትምህርት ያልቃል። ላፕቶፑ ከኛ፣ አዳራሹም ከኛ፤ አሠልጣኞቹ አንድ ቅዳሜና እሑድ ወደዚህ ብቅ ቢሉ ምናለ?

አንባቢያችሁ፣ ከሰበታ