ለበዓል ወደ ቬተራኖች ክበብ የምትሄዱ፣ ሰርቪስ ኦፊሰሩን ሳታገኙ አትመለሱ

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በአሜሪካ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ክበቦች በበዓል ሰሞን ያሰናዱትን ዝግጅት በቅርቡ ዘርዝራችሁ አይተናል። የኖቬምበር 11ዱን (የቬተራኖች ቀን) የነጻ ምሳ፣ ለልጆች የሚታደለውን አሻንጉሊት፣ በወታደር መቃብር ላይ የሚቀመጠውን የአበባ ጉንጉን፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማውን ጭፈራ ጭምር አልረሳችሁም። ዋናው ነገር ግን ቀርቷል። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ልጆቻችን ብዙዎቹ ክበቡን የመጠጥና የቢንጎ ቤት አድርገው ስለሚያዩት አንድ ቀን በልተው፣ ጠጥተው ይወጣሉ። በዚያው ሕንፃ ግን በወር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ጉዳይ በነጻ የሚያስፈጽም ሰው አለ። ሰርቪስ ኦፊሰር ይባላል። ክበቡ ውስጥ ባይቀመጥ እንኳ የት እንደሚገኝ የሚነግራችሁ አይጠፋም።

በመጀመሪያ ክበቡ የመንግሥት ቢሮ አይደለም። ጡረታና በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት ወርኃዊ ካሣ የሚከፍለው፣ ሐኪም ቤቱን የሚያስተዳድረው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ የምንለው ነው። አሜሪካን ሊጅን እ.ኤ.አ. ከ1919፣ ቪኤፍደብሊው (በውጭ አገር ጦርነቶች የዘመቱ ቬተራኖች ማኅበር) ደግሞ ሥሩ ከ1899 ጀምሮ ያለ የአባላት ማኅበር ነው፤ በየከተማው ያሉት ቅርንጫፎች ፖስት ይባላሉ። የመግቢያ መስፈርታቸው አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 ወዲህ ቢያንስ አንድ ቀን በመደበኛ አገልግሎት ላይ ውሎ በክብር የተሰናበተ ሁሉ ሊጅን መግባት ይችላል፤ ጦር ሜዳ መሄድ አይጠየቅም። ቪኤፍደብሊው ግን በውጭ አገር የዘመቻ ሜዳይ ያስገኘ ወይም የአደጋ ቀጠና አበል ያስከፈለ አገልግሎት ይፈልጋል፤ ዜግነትም ይጠይቃል። በግሪን ካርድ ተመልምሎ ያገለገለና ዜግነቱን ገና ያልጨረሰ ልጅ በዚህ ምክንያት ሲመለስ «ቬተራን አይደለህም ተባልኩ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቬተራን ነው፤ በሩን ብቻ ነው የተሳሳተው።

ሰርቪስ ኦፊሰሩ እንዲረዳችሁ አባል መሆን እንኳ አያስፈልግም። የአባልነት መዋጮው ለክበቡ ነው እንጂ ለጉዳያችሁ የሚከፈል አይደለም። ይህንን ብታትሙልን ብቻ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። እኛ ሐበሾች «ከበዓል በኋላ እናየዋለን» ማለት እንወዳለን። በዚህ ጉዳይ ያቺ አባባል የአንድ ወር ገንዘብ ታስከፍላለች። የጉዳት ካሣ ሲፈቀድ መነሻ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ቪኤ ማመልከቻውን የተቀበለበት ቀን ነው፤ ክፍያው የሚጀምረው ደግሞ ከመነሻው ቀን ቀጥሎ ካለው ወር መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ዲሴምበር 31 ያስገባ ሰው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይታሰብለታል። ጃንዋሪ 2 ያስገባው ግን እስከ ፌብሩዋሪ 1 ይጠብቃል። በሁለት ቀን ልዩነት የአንድ ወር ሙሉ አበል ይቀራል፤ ኋላም ተመልሶ አይገኝም።

ሙሉ ማመልከቻው፣ ማለትም ቅጽ 21-526ኢዜድ፣ የሐኪም ማስረጃ እስኪሰበሰብ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ሲባል ቀኑን ብቻ የሚያስይዝ አጭር ቅጽ አለ፤ ቁጥሩ 21-0966 ነው፤ የማመልከት ፍላጎትን ማሳወቂያ እንበለው። ሰርቪስ ኦፊሰሩ በደቂቃዎች ይሞላዋል፤ በቪኤ ድረ ገጽ ገብቶ ማመልከቻውን መጀመርም፣ በ800-827-1000 መደወልም ያንኑ ቀን ያስይዛል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ሙሉው ማመልከቻ ከገባና ከተፈቀደ፣ ውዝፉ ከተያዘው ቀን ጀምሮ ይከፈላል። ዓመቱ ካለፈ ግን የተያዘው ቀን ይሞታል፤ አዲስ መያዝ ይቻላል፣ ያለፈው ወራት ግን ይቀራል። አምና በዲሴምበር መጨረሻ ቀን ያስያዛችሁ ካላችሁ፣ ጊዜያችሁ የሚያልቀው ሰርቪስ ኦፊሰሩም የቪኤ ሠራተኛውም ለበዓል በሚጠፉበት ሳምንት ነውና እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ጨርሱ። ከጦሩ በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ደግሞ የበለጠ ዕድል አለው፤ መነሻው ከተሰናበተበት ማግስት ይሆናል። ገና ያልተሰናበተ ካለ፣ ከመውጣቱ ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ማመልከቱ ይመረጣል።

በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ «ካሣችሁን እናስጨምራለን፣ ከተጨመረው የአምስት ወር ለኛ» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። ጠበቃም ሆነ ፈቃድ ያለው ወኪል ማስከፈል የሚችለው ቪኤ የመጀመሪያውን ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው፤ ያኔም ከውዝፉ እስከ 20 በመቶ ተገቢ ይባላል፣ ከ33 በመቶ በላይ የሆነው ከልክ ያለፈ ነው። የሚረዳችሁን ሰው ስም በቪኤ የፈቃድ መዝገብ ፈልጉ፤ ማንም በድረ ገጽ ሊያየው ይችላል። ስሙ ከሌለ፣ አበሻ ቢሆንም፣ የሰፈር ሰው ቢሆንም፣ አትፈርሙ። የባንክ ቁጥራችሁንና የቪኤ የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅማ በጭራሽ።

የእኛ ሰው ጉዳይ ከሌላው ይልቅ የሚንዛዛው በወረቀት ነው። ዋነኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ በእነርሱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2016 ነው። ተርጓሚው ቀኑን ሳይለውጥ 2008 ብሎ ከተወው፣ ቅጹ ላይ የሞላችሁትና ሰነዱ ስምንት ዓመት ይራራቃሉ፤ መርማሪው ልክ ነው ብሎ የማለፍ ግዴታ የለበትም፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወራት ይሄዳሉ። ትርጉሙ ሁለቱንም ቀን እንዲይዝ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም በጽሑፍ እንዲገለጽ ጠይቁ፤ ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ።

ሁለተኛው ስም ነው። በእኛ ሥርዓት የልጅ የመጨረሻ ስም የአባት የመጀመሪያ ስም ስለሆነ ወታደሩና ልጁ በቅጽ ላይ አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ሚስትም የአባቷን ስም እንደያዘች ነው። ለማያውቅ ሠራተኛ ሦስት የማይገናኙ ሰዎች ይመስሉታል። በዚህ ላይ በላቲን ፊደል አጻጻፉ በፓስፖርት አንድ፣ በልደት ወረቀት ሌላ፣ በስንብት ወረቀት ሦስተኛ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቅጽ 21-4138 የሚባለው የመግለጫ ወረቀት ላይ የስም አወጣጡን በአራት መስመር አስረድታችሁ፣ ያሉትን አጻጻፎች በሙሉ ዘርዝራችሁ ፈርሙና ከማመልከቻው ጋር ላኩት። ጥያቄ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚያስፈልገው የቤተሰብ ጭማሪ ስላለ ነው። የጉዳት መጠኑ 30 በመቶና ከዚያ በላይ የተባለ ሰው ለሚስት ወይም ለባል፣ ለልጅ፣ እንዲሁም እሱ ለሚጦራቸው ወላጆቹ ተጨማሪ ይከፈለዋል። ሠርግ ወይም ልደት በሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅጽ 21-686ሲ ካስመዘገበ ጭማሪው ከዕለቱ ይታሰባል፤ ካሳለፈ ግን ካሳወቀበት ቀን ብቻ። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ይወጣል፤ ትምህርት ላይ ከሆነ በቅጽ 21-674 እስከ 23 ዓመቱ ይቀጥላል። በተቃራኒው ፍቺን አለማሳወቅ ዕዳ ያመጣል፤ ቪኤ በትርፍ የከፈለውን ከሚቀጥለው አበል ላይ ይቆርጣል። ስለ ወላጅ ጭማሪ መኖሩን የሚያውቅ የእኛ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ እናት አባት የማይጦር ደግሞ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። የወላጆችን ገቢና ወጪ የሚያሳይ ቅጽ ይሞላል፤ ሰርቪስ ኦፊሰሩን «የወላጅ ጭማሪ» ብላችሁ ጠይቁት፣ ካልተጠየቀ ላያነሳው ይችላል።

በአዲስ ዓመት ሰሞን የሚፈጠር አንድ ግርታም አለ። የዲሴምበር አበል የሚከፈለው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ጃንዋሪ 1 በዓል ስለሆነ ግን ገንዘቡ ከበዓሉ በፊት ባለው የሥራ ቀን ባንክ ይገባል። በዚህ የተነሳ በዲሴምበር ሁለት ጊዜ የገባ፣ በጃንዋሪ የጠፋ ይመስላል። ትርፍ ገንዘብ አይደለም፤ ለገና ስጦታ ያጠፋው ሰው የጃንዋሪን ኪራይ ይቸገራል። የኑሮ ውድነት ማስተካከያውም ከዲሴምበር 1 ጀምሮ ስለሚታሰብ መጀመሪያ የሚታየው በዚህችው ክፍያ ላይ ነው።

ቀሪዎቹን ጥቅሞች በአጭሩ። ለነጻ ምግብና ለቅናሽ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ይዛችሁ አትዙሩ፤ በቆዩት ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ሙሉውን ሰፍሮበታል። የቪኤ የጤና ካርድ፣ በነጻ የሚገኘው የቬተራን መታወቂያ ወይም ቬተራን የሚል ምልክት ያለው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ለክበቡ ምዝገባና ለማመልከቻ ግን ዲዲ 214 ግድ ነው፤ የስንብቱን ዓይነት የሚያሳየው «ሜምበር 4» የተባለው ቅጂ መሆኑን አረጋግጡ፤ አጭሩ ቅጂ ያንን መረጃ አይዝም። የጠፋበት ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነጻ ያስወጣል። ግልባጩን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ በደረሰው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደር ፋይል ወድሟል። ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ማንኛውም በአገልግሎት የደረሰ ጉዳት ያለበት ቬተራን በጦር ሰፈር ገበያዎች መግዛት ይችላል፤ በክብር የተሰናበተ ሁሉ ደግሞ በኢንተርኔት ከመደብሮቻቸው ያለ ሽያጭ ታክስ ይገዛል። የብሔራዊ ፓርኮች የዕድሜ ልክ ፓስም ለቬተራን ነጻ ነው፤ በፖስታ ካዘዛችሁት የመላኪያ ይከፈላል፣ በፓርኩ በር ስትወስዱት ግን ምንም።

ለክበቦቹም አንድ ቃል አለን። የእነርሱ ግብዣ በዲሴምበር ሲሆን የእኛ ኦርቶዶክሶች ጾም ላይ ናቸው፤ ገናም የሚውለው በጃንዋሪ 7 ነው። ሰው ሁለት ጊዜ ተጋብዞ ሁለት ጊዜ ሳይቀምስ ሲወጣ ሦስተኛ አይመጣም። ወጥ ቤቱን ከሳምንት በፊት ብንነግረው የጾም ሳህን ማሰናዳት አይከብደውም፤ ከዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ከሆነ ግን ዳቦና ሰላጣ ነው የሚተርፈን። የአዲስ ዓመት ርችትም ጦር ሜዳን ስለሚያስታውሳቸው ለብዙዎች ጨዋታ አይደለም፤ የሚፈነዳበትን ሰዓት በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ለጨነቀው ሰው የቬተራኖች የአስቸኳይ ምክር መስመር አለ፤ 988 ደውሎ 1 መጫን፣ ወይም ወደ 838255 መጻፍ ሌሊትም በበዓልም ይሠራል፤ በቪኤ መመዝገብ አይጠየቅም። ይህን ቁጥር ለወታደሩ ብቻ አትስጡ፤ ሚስትና እናትም ደውለው ምክር ይጠይቃሉ።

ወታደሩ በሞት የተለየው ቤተሰብ ከዝርዝራችሁ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። ሞቱ ከአገልግሎት ጉዳት ጋር ከተያያዘ የትዳር ጓደኛው በቅጽ 21ፒ-534ኢዜድ ወርኃዊ አበል ይጠይቃል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ከሞተበት ወር መጀመሪያ ጀምሮ ይታሰባል። የሬሳ ሳጥኑ ላይ የሚለበሰው ባንዲራ በቅጽ 27-2008 ብዙ ጊዜ ከፖስታ ቤት ይወሰዳል፤ ሁለት ወታደሮች መጥተው ባንዲራውን አጥፈው ማስረከባቸውና ጥሩምባው መነፋቱ በሕግ የተረጋገጠ መብት ነው፤ ቀብር አስፈጻሚው ይጠይቅላችኋል። ተኳሽ ቡድን ከፈለጋችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ክበቡ ነው፤ አባላቱ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ንገሩ።

በሚቀጥለው እትም ከጭፈራው ቀን ጎን 21-0966 የሚለውን ቁጥርና የአንድ ዓመቱን ገደብ በትንሽ ሣጥን ብታወጡልን፣ የየፖስቱ ሰርቪስ ኦፊሰር የሚገኝበትን ቀንና ሰዓት ሰብስበን ልንልክላችሁ ዝግጁ ነን። ብዙዎቹ ከዲሴምበር 20 በኋላ ስለማይገቡ ሣጥኑ ከዚያ በፊት ቢወጣ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአንድ የቬተራኖች ክበብ በበጎ ፈቃድ የምናገለግል አንባቢዎቻችሁ