መኪናም እኮ ይገድላል

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ከልብ ይቆጨኛል፤ ይቅር በለኝ። ብዕር ያስነሳኝ ያው የድሮው ክርክራችን ነው። አንድ አደገኛ ነገር ይታገድ በተባለ ቁጥር «መኪናም እኮ ይገድላል፤ እሱስ ለምን አይታገድም?» የሚል አይጠፋም። አዋቂ ሰው ሳይቀር በዚህች አንዲት አባባል አፉን ሲዘጋ ማየት ያንገበግበኛል።

እስቲ መኪናን እንየው። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን መኪና መቼ እንዲሁ ተለቀቀ? መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳ፣ የፍጥነት ወሰን፣ የቴክኒክ ምርመራ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተደራርበውበታል፤ ጠጥቶ መንዳትማ ወንጀል ነው። ታዲያ መኪናን ምሳሌ ያደረገ ሰው ሳያስበው የጠየቀው፣ የሚከራከርለት ነገርም በዚሁ ልክ ይገራ ብሎ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ታህቱ፣ ማለትም ቁጥሩ የሚካፈልበት ነገር ነው። የሟቾችን ብዛት ነግሮህ በምን እንዳካፈለው የማይነግርህን ሰው ቶሎ አትቀበለው። «ስፔስ ሻትል» የሚባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች 135 ጊዜ በረሩ፤ በ1986 እና በ2003 ሁለቱ ወድመው 14 ሰው ሞተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። በበረራ ካሰላኸው በየ67 ጉዞው አንድ መንኮራኩር ጠፍቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አውቶቡስ ላይ ማንም አይሳፈርም። በኪሎ ሜትር ካሰላኸው ግን፣ ምድርን ሲዞሩ በድምሩ ከ800 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ስለሄዱ፣ አደጋው የመኪናን ያህል ብቻ ይመስላል። የሞተው ሰው ያው ነው። መለኪያውን የሚመርጠው ጥያቄህ ነው፦ «በምን ልሂድ?» ከሆነ ኪሎ ሜትር፣ «ልሳፈር ወይስ ልቅር?» ከሆነ ጉዞ፣ መዝናኛ ከሆነ ሰዓት።

የካንሰሩንም ነገር ታስታውሳለህ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ትምባሆና አስቤስቶስ ባሉበት ምድብ 1 ሲያስገባው፣ ቋሊማና ሲጋራ እኩል ናቸው ተባለ። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ አይናገርም። ያኔ የተጠቀሰው ግምት እንኳ በዓመት ከተቀነባበረ ሥጋ 34,000 ገደማ፣ ከትምባሆ 1 ሚሊዮን ገደማ የካንሰር ሞት ነበር። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 18 በመቶ ይጨምራል ሲባልም «ከስንት ተነስቶ?» በል። ከ100 ሰው 5 የሚይዝ በሽታ ከሆነ 6 ገደማ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው ይብሳል ማለት። ውሳኔው እኮ በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መነጻጸር ያለበት ያው አንዱ ነገር ራሱ ነው፦ ሲታገድና ሳይታገድ። ስሪላንካን ተመልከት። በፀረ ተባይ መርዝ ራሱን የሚያጠፋው ሰው በበዛ ጊዜ እጅግ መርዛማ የሆኑት በ1995፣ ኢንዶሰልፋን የተባለው መርዝ ደግሞ በ1998 ታገዱ፤ በኋላም ሌሎች ተከተሉ። «መሞት የፈለገ ሌላ መንገድ አያጣም» የሚለው መከራከሪያ እዚያ ተፈተነ። ራስን የማጥፋት ምጣኔ ከነበረበት ከፍታ 70 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የእርሻ ምርትም በእገዳው ምክንያት አልቀነሰም። መርዝ የሚጠጣው ሰው አልጠፋም፤ የጠጣው ግን ለሐኪም የሚደርስበት ዕድል አገኘ። በጭንቅ ሰዓት የተወሰነ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ሰውየው ከተረፈ ማለት ነው። ብሪታንያም በ1998 ፓራሲታሞልን ሳታግድ የአንዱን ፓኮ መጠን ብቻ፣ በሱቅ 16 በፋርማሲ 32 ክኒን አድርጋ ወሰነች፤ በእሱ የሚሞተው ሰው ቀነሰ።

በወዲያኛውም ወገን ያው ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮልን ከልክላ አልሆነላትም፤ ስለዚህ እገዳ ሁሉ ከንቱ ነው ይላሉ። አልኮልን ማንም በጓዳው ይጠምቀዋል፣ ጠጪው ራሱ ይፈልገዋል፣ ሕጉም የከለከለው ማምረትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን እንጂ መጠጣትን አልነበረም። እርሳስ የሚባለው ብረት የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን ግን የጥቁር ገበያ ወሬ ሳይበዛበት ቀስ በቀስ ከየአገሩ ወጣ፤ አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና በ2021 አቆመች። እርሳስን ለራሱ ሲል የሚናፍቅ አሽከርካሪ የለም፣ ሞተሩ እንዳይንኳኳ የሚያደርግ ሌላ ዘዴ ተገኝቷል፣ አምራቾቹም ጥቂት ነበሩ። እገዳ ይሠራል አይሠራም ከማለት በፊት፦ ፈላጊው ማን ነው? ምትክ አለ? ስንት ቦታ ይመረታል? የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው ወይስ ያልተጠየቀው ጎረቤቱ? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን በየቀኑ የሌላውን ሰው ጭስ ለሚተነፍስ ሕፃን ተራራ መውጣትን፣ ሰው ወዶ የሚገባበትን አደጋ፣ ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው አይገባኝም።

አሁን ያንተ የመዋኛ ገንዳ። «ገንዳ ሕፃናትን ይገድላል፣ ማንም አላገደውም» ብለህ ነበር። ገንዳውን ከቤቱ ጭምር በአራቱም በኩል የሚለይ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥርና በራሱ የሚዘጋ በር ሕፃናት የሚሰጥሙበትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሦስቱን ጎን አጥሮ አራተኛውን ለቤቱ ግድግዳ የሚተው አጥር ግን ደካማ ነው፤ ሕፃኑ የሚመጣው በቤቱ በር በኩል ነዋ። እንግዲህ ስትጽፍልኝ በምን እንዳካፈልከው ንገረኝ፤ በገንዳዎቹ ብዛት ነው፣ በሕፃናቱ ወይስ በሚዋኙበት ሰዓት? አጥር ያላቸውንና የሌላቸውንም ለያይተህ ቁጠርልኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የሚናፍቅህ ወዳጅህ