«የሀገር ውስጥ» ያላችሁት የማንን ሀገር ነው?

ለአዘጋጁ፣

ዓርብ ዕለት ያወጣችሁትን የአዳዲስ ፊልሞች የገቢ ትንበያ አንብቤ ዝም ልል ነበር። አንድ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ የሆሊውድ ፊልም በመጀመሪያው «ቅዳሜና እሁድ» «በሀገር ውስጥ» በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንደሚያስገባ ጽፋችኋል። የማን ሀገር ውስጥ? የሆሊውድ ሰዎች «የሀገር ውስጥ» የሚሉት አሜሪካንና ካናዳን ደምረው ነው። በእነሱ መዝገብ እኛ ያለነው «ውጭ ሀገር» በሚለው ዓምድ ነው። ይህን የሚያጣራ አንድ ሰው ዝግጅት ክፍላችሁ ውስጥ ጠፋ?

ለእናንተ አንድ ቃል ነው፤ እኔን ግን ቤቴ ድረስ መጥቶብኛል። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ትኬት ስሸጥ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አከራዬ ዜናችሁን በስልካቸው ይዘው በሬን አንኳኩ። «ሲኒማው እንዲህ ዶላር እያፈሰ፣ ኪራይ ጨምር ስትባል የለኝም ትላለህ?» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋዜጣ ያለውን ያምናሉ። ቆሜ ባስረዳ ባስረዳ አልሰሙኝም።

«ቅዳሜና እሁድ» ያላችሁትም ልክ አይደለም። የእነሱ ሂሳብ ከዓርብ እስከ እሁድ ነው፤ ሐሙስ ማታ ቀድሞ የታየውም ዓርብ ላይ ይደመራል። እሁድ የሚወጣው ድምር ራሱ ግምት ነው። የእሁዱ ተመልካች ገና ትኬት ሳይገዛ ስቱዲዮዎቹ የዓርብንና የቅዳሜን አይተው ያወጡታል፣ ትክክለኛው ሰኞ ይታወቃል። ደግሞስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገቢ መቼ ሁሉን ተናግሮ ያውቃል? ታይታኒክ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በነዚያ ሦስት ቀናት ያስገባው 28.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እዚያው አሜሪካና ካናዳ ከ600 ሚሊዮን በላይ አስገብቶ ነው የወረደው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የኛን ሰፈር ሲኒማ እንደሌለ መቁጠራችሁ ነው። የእሁዱ የ10 ሰዓት ፊልም ስንት ሰው እንደሚገባለት እኔ ሐሙስ ላይ እነግራችኋለሁ። ደመወዝ ወጥቷል ወይ? ጾም ነው ወይስ ፍስክ? የፕሪሚየር ሊጉ ትልቅ ጨዋታ በስንት ሰዓት ነው? ሐምሌ ከሆነ ደግሞ ደመናውን አያለሁ። ባለፈው እሁድ 120 ሰው ጠብቄ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ካፊያው ጀመረ፤ የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር በላስቲክ አስሬ የያዝኩት የትኬት ቅዳጅ 43 ብቻ ነበር። የፊልሙ ባለቤት የላከው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላት ሲቆጥር ስለነበር ቁጥራችንን አመሳከርን። እሱም 43 አለኝ። አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደ። ያ ልጅ ስለ ሲኒማ ገቢ አንድም ጋዜጠኛ ጠይቆት አያውቅም፣ እኔንም እንደዚያው። የሎስ አንጀለሱን ግን በየሳምንቱ ታደርሱናላችሁ።

ስለዚህ ማረሚያ አውጡ። ውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ስህተቱ በወጣበት ቦታ፣ «አሜሪካና ካናዳ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ለአከራዬ የማሳየው ነገር ይኑረኝ። ከሥሩ ሁለት መስመር ብትተዉልን ደግሞ የፒያሳውን የእሁድ ቁጥር ሰኞ ጠዋት በስልክ እነግራችኋለሁ።

ትኬት ሻጭ፣ ከፒያሳ