እንባ ጠብ ስላላለሽ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። «የእህቴን መርዶ ሰምቼ እንባ ጠብ አላለኝም። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ?»

ልብሽ ምንም አልሆነ። የሞት ዜና ድንገት ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይደነዝዛል። ጆሮ የሰማውን ልብ ቶሎ አይቀበለውም። ስነግርሽ ልብስ እያጠፍሽ ነበር። ዝም ብለሽ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከልሽና «የካልሲው አንድ እግር የት ገባ?» አልሽኝ። ወንድሜ ደግሞ ሳቁ መጣበት፤ አፍሮ ከቤት ወጣ። ሌላው ይጮኻል፣ ሌላው ይቆጣል፣ እንቅልፍ የሚጥለውም አለ። ማን የበለጠ ይወዳት እንደነበር በዚህ አይለካም።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው» ሲባል ሰምተሻል። መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ናት። ግን ያነጋገረቻቸው ራሳቸው ለሞት የተቃረቡ ሕመምተኞችን ነው። ሐዘን ደግሞ ተራ ጠብቆ አይመጣም። እኔ የሚዋጥልኝ ስትሮብና ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሉት ነው። ሐዘንተኛ አንዴ ሐዘኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ወጥቶ ኑሮውን ያያል፤ እንዲህ ይመላለሳል። ስለዚህ ስትስቂ ቆይተሽ ድንገት ሆድ ቢብስሽ ግራ አይግባሽ።

«ኮቴዋን የሰማሁ መሰለኝ፣ ለማንም እንዳትናገር» ያልሽኝም አያስፈራም። ዴዊ ሪስ የሚባል ሐኪም ዌልስ ውስጥ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ሰዎች ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 አውጥቷል። ግማሽ የሚጠጉት ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸው ያውቃል። አብዛኞቹ ለሰው አልተናገሩም፤ እንዳንቺው።

አንድ ነገር ግን ቸል አትበይብኝ። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ «ሐዘኑ ነው» ብለሽ አትተኚ። ከባድ ድንጋጤ የልብን ጡንቻ ለጊዜው የሚያደክምበት ታኮትሱቦ የሚባል ሕመም አለ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ ግን ስሜቱ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጋር ስለሚመሳሰል የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው። ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ፣ ከዚያ ትደውዪልኛለሽ።

ቁጥሯን ከስልክሽ አጥፊ የሚሉሽን ደግሞ አትስሚያቸው። ሲያሰኝሽ ታጠፊዋለሽ፣ ካላሰኘሽም ይቀመጥ። የግፊት መድኃኒትሽን አትርሺ። እሑድ እመጣለሁ።

ልጅሽ