ለእማዬ፦ ስለ ቁንጫ፣ ስለ ነቀዝና ስለዚያች ክኒን

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ትናንት በስልክ «ማሽላው ነቀዘብኝ» ስትዪኝ አዘንኩ። ግን ወላሂ ፈገግም ብያለሁ። የልጅነቴ ጎረቤቶች አሁንም እዚያው ወሎ ሐይቅ ናቸው ማለት ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቁንጫ የለም። ማታ መብራት ሳጠፋ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ። ኩራዙን ይዘሽ ትመጫለሽ። ቁርበቱን ገለጥ፣ ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ጫን፣ ከዚያ በሁለቱ አውራ ጣት ጥፍር ጠቅ! እኛ እንቆጥራለን። አንዷ ካመለጠች ቤተሰቡ ሁሉ ተነስቶ ፍለጋ ነው። አባዬም፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ዘመቻው መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ራሱ ኩራዙን ይይዝልሽ ነበር። እንደዚያ ሌሊት ስቄ አላውቅም።

ደግሞ እኮ የምትደነቅ ፍጥረት ናት። ቁመቷ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ዝላይዋ ግን 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሰው በቁመቱ ልክ እንደሷ ቢዘል ከደጃችን ተነስቶ ከወንዙ ማዶ ባረፈ ነበር። ሰውነቷ ውስጥ እንደ ላስቲክ ያለ ነገር አላት። ቀስ ብላ ትጨምቀውና ባንዴ ትለቀዋለች።

ነቀዟስ ብትዪ! የማሽላዋን ፍሬ በአፏ ትቦረቡራለች፣ እንቁላሏን ታስገባለች፣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ልጇ እዚያው ቤቷም ምግቧም ውስጥ ሆና ታድጋለች። ማሽላሽ ከላይ ሲያዩት ደህና የመሰለሽ ለዚህ ነው።

ጉንዳን ስኳሩን ሲወርረውም ፍል ውሃ አታስደፊንም ነበር። ቡናው እስኪፈላ የነቢዩ ሱለይማንን ጉንዳን ታወሪናለሽ። ሠራዊቱ ሲመጣ አይታ ወገኖቿን «ወደ ቤታችሁ ግቡ» ብላ ያስጠነቀቀችውን። እኔም ዛሬ የጻፍኩልሽ እንደሷ ላስጠነቅቅሽ ነው።

እባክሽ እማ፣ እገዛለሁ ያልሻትን የነቀዝ ክኒን ቤት አታስገቢ። እርጥበት ሲነካት መርዛም ጋዝ ትለቃለች። ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም። ጎታው ደግሞ ከመኝታሽ ራስጌ ነው። በዚህ ጋዝ ሰው ከነልጆቹ አልቋል። ማሽላው ሁሉ ዱቄት ሆኖ ቢቀር ይሻለኛል።

አየር የማያስገባ ባለ 3 ድርብ ከረጢት ልኬልሻለሁ። ማሽላውን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቂው፣ ንፊው፣ ሙዪበትና አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ። የውስጡን ሁለት ላስቲክ ለየብቻ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። ነቀዞቹ ያለችውን አየር ተንፍሰው ይጨርሷታል፣ በዚያው ያልቃሉ። ቶሎ ቶሎ አትክፈቺው ብቻ።

አብሽሪ፣ ለዒድ እመጣለሁ። ቁንጫዎቹን ግን እስከዚያ ጠራርገሽ አትጨርሻቸው። አንድ ሁለት ተዪልኝ፣ ኩራዙን እኔ እይዝልሻለሁ።

ልጅሽ